የልብ ወለድ አዋላጅና አራስ ጠያቂ

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመችው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ርእሷ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» የተባለችው ኋላ ነው። የጥንቱ ርእስ ግን አልጠፋም፤ የድርሰቱ ዓይነት ጠቅላላ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ልብ የሚወልድ ከሆነ ማርገዝም፣ ማማጥም፣ አራስ መሆንም አለ ማለት ነው። ምጥ ባለበት ደግሞ ሰው ይሰበሰባል። የሚሰበሰበው ሰው በሁለት ይከፈላል፤ አዋላጅና አራስ ጠያቂ። አዋላጅ እጁን ታጥቦ ይገባል፤ አራስ ጠያቂ ገንፎውን በልቶ፣ መርቆ ይወጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ደራሲን የሚጎዳው አንዱን ከሌላው የሚለየው መጽሐፉ ታትሞ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ከአዋላጆች ሁሉ አንጋፋው የቅኔ ቤቱ የኔታ ናቸው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። ቀን ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ተጠግቶ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ የቀናውን ይቀበላሉ፣ የተጣመመውን ያቃናሉ፣ የማይቃናውን ያስጥላሉ። ተማሪው «ሐሳቤን አልተረዱልኝም» ብሎ አይከራከርም፤ ለነገ ሌላ ይቆጥራል። የመተዳደሪያው ነገርም አስቀድሞ የታሰበበት ነው፤ አኮፋዳ ለቁራሽ፣ ዱላ ለውሻ። ዛሬ ረቂቁን በብብቱ ይዞ ለማሳተሚያ የሚሆን ስፖንሰር ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር ደራሲ ከቅኔ ተማሪ የሚለየው ዱላውን ረስቶ በመውጣቱ ነው።

ይህ ትምህርት ለልብ ወለድም ተርፏል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ያለፉ ሰው ናቸው፤ የልብ ወለዱን ባለታሪክ በዛብህንም በዚያው መንገድ አሳልፈውታል።

ሌላው የአዋላጅ ዓይነት ባሕር ማዶ ይገኛል። የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ የድርሰት ጽሕፈት ተከታትሏል፤ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለዱም በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታትሟል። ከዚያ በኋላ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለ መጽሐፍ በአማርኛ ማዘጋጀቱ፣ የተማረውን ይዞ ዝም ያላለ ሰው መሆኑን ያሳያል። የአይዋው ዓይነት ክፍል ሥርዓቱ ቀላል ነው። ረቂቁ ተባዝቶ አስቀድሞ ለተማሪዎቹ ይታደላል፤ በቀጠሮው ቀን ሁሉም ያነበቡትን እያነሡ ይጥላሉ፤ ደራሲው አፉን ይዞ ያዳምጣል። በአዲስ አበባ ማኪያቶ ከብበው በሚቀመጡ ጸሐፍት ዘንድ ሥርዓቱ ይገለበጣል። ደራሲው ይናገራል፤ ጓደኞቹ ያዳምጣሉ፤ ረቂቁ ገና አልተጻፈም። በዚህ ዘዴ ሦስት ቅጽ የደረሰ ልብ ወለድ በአንድ ክረምት ተተርኮ ሊያልቅ ይችላል። ከተተረከ በኋላ የሚጽፈው የለም፤ ጭብጨባውን አስቀድሞ ተቀብሏልና።

ረቂቅ የሚሰጠው ጓደኛ ራሱን የቻለ ክፍል ነው። «አነበብከው?» ሲባል መልሱ «ይዤዋለሁ» ነው። ስምንት ወር ይይዘዋል። ረቂቁ ሲመለስ ማስረጃውን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ እስከ 14ኛው ገጽ ጠርዙ ታጥፏል፣ 14ኛው ላይ የስኒ ቂጥ ክብ ማኅተሙን አሳርፏል፣ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ከማተሚያው እንደወጣ ነው። አስተያየቱ ግን ሙሉ ነው፦ «ቋንቋህ ግሩም ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ብታስብበት፤ ደግሞ ለምን ፊልም አታደርገውም?» ይህ ሰው አራስ ጠያቂ ነው። ክፋት የለበትም፤ ጨቅላውን ሳያይ «አባቱን ይመስላል» ማለትም ወግ ነው።

እውነተኛው እርዳታ ብዙ ጊዜ ካልታሰበ ቦታ ይመጣል። አንድ ደራሲ ረቂቁን ለእናቱ ጮክ ብሎ ያነባል እንበል። በታሪኩ አንድ ለዓመታት የጠፋ ሰው ማንም ሳያስበው በር ያንኳኳል፤ ባለቤቲቱ ትደነግጣለች፤ ሰላምታው ሳያልቅ ዶሮ ወጥ ይቀርባል። እናት ፈትላቸውን ያስቀምጣሉ።

«ቆይ፣ ቆይ ልጄ። ዶሮዋ መቼ ታረደች?»

«እማዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«ይሁንና። ተገነጣጥላ፣ ብልቷ ወጥቶ፣ ታጥባ… ሽንኩርቱስ? የዶሮ ቁሌት እኮ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይቺ ሴት ሰውየው እንደሚመጣ ከጥዋት ጀምሮ ታውቅ ነበር።»

ደራሲው በመጀመሪያ ይበሳጫል። ቀጥሎ እንጀራ በሹሮ ሊያደርገው ይነሣል። በሦስተኛው ቀን እናቱ ያሉት ይገባዋል፤ ሴትዮዋ በእርግጥ ታውቅ ነበር። ማን ነገራት? ለምን የደነገጠች መሰለች? ከሁለት ዓመት በላይ ተገትሮ የቆየው ታሪክ በሽንኩርት ተነቅሎ ይሄዳል። የዚህ ምክር ጉልበት ከዕውቀቱ ነው። እናት ስለ ሴራና ስለ ግጭት አልተናገሩም፤ ስለሚያውቁት ወጥ ተናገሩ። ሐኪም ስለ ሕመሙ፣ ሾፌር ስለ መንገዱ፣ ገበሬ ስለ አጨዳው ወር ቢጠየቅ እንዲሁ ነው። ጥር ላይ ጤፍ የሚዘራ ገጸ ባሕርይ ያለበት ረቂቅ ገበሬ ያስፈልገዋል፤ ሃያሲ ኋላ ይደርሳል።

ሌላዋ ያልታወቀች አዋላጅ የደብተሩን ጽሑፍ የምትተይበው ልጅ ናት። ደራሲው እጅ ጽሑፉን አስረክቦ፣ ሒሳቡን በገጽ ተነጋግሮ ይሄዳል፤ እሷ ግን ሳትዘል ከዳር እስከ ዳር ታነባለች፤ ብትዘል አይከፈላትም። በምዕራፍ ሦስት የተቀበረችው አክስት በምዕራፍ ዘጠኝ ቡና ስታፈላ መጀመሪያ የምታያት እሷ ናት። የሀሌታውን «ሀ» ከሐመሩ «ሐ»፣ የጸሎቱን «ጸ» ከፀሐዩ «ፀ» እንደ ቸርነቷ ብታደባልቅም «ልጅቷን በመጨረሻ አገባት ወይ?» ብላ ከጠየቀች ለደራሲው ከምስክር ወረቀት ይበልጥበታል።

ሳይዘል የሚያነብ ሌላም ሰው ነበር፤ ሳንሱር። እያንዳንዱን መሥመር ይጠራጠራል፣ ለጽጌረዳ እንኳ ትርጉም ይፈልግላታል፣ ነጻ ቅጂ አይለምንም። ይህ ሰው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ሥራውን አጣ። ማንም አላለቀሰለትም፤ ለአዋላጅነት ሳይሆን ለማስወረድ የተቀጠረ ነበርና። ነገር ግን ከእሱ መሄድ በኋላ ደራሲው እስከ መጨረሻው ገጽ የሚደርስለት ሰው በገዛ ኪሱ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። ሰውየው አርታኢ ይባላል።

በደርግ ዘመን እንደ ኩራዝ ያለ አሳታሚ ድርጅት አርታኢዎች ነበሩት። ዛሬ ብዙው ደራሲ በራሱ ወጪ ያሳትማል፤ አሳታሚም፣ አከፋፋይም፣ አንዳንዴም አዟሪ እሱ ነው። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው የአርታኢ ክፍያ ነው፤ የሽፋኑ ሥዕል አይቀርም። አርታኢ ሲገኝ ደግሞ ጸብ አይቀሬ ነው። ሥራው በኅዳግ ላይ «ለምን?» እያለ መጻፍ ነው። የስምንት ገጽ የጀንበር መጥለቂያ ላይ አግድም ያሠምርና «ጠልቃለች» ይላል። ደራሲው ሁለት ቀን እህል አይቀምስም፤ በሦስተኛው ቀን ስምንቱን ገጽ አውጥቶ ያነበዋል፤ የጎደለ ነገር ያጣበታል። የረዳት ሚዛንም ይኸው ነው፤ አዋላጅ ከመጣ ገጽ ይቀንሳል፣ አራስ ጠያቂ ከመጣ የምስጋና ገጽ ይረዝማል።

የምስጋናው ገጽ የሚጻፈው መጨረሻ ነው፤ የሚታተመው መጀመሪያ። በዚያ ገጽ ላይ ስፖንሰሩ በሙሉ ማዕረጉ ይቀመጣል። ባለ 14 ገጹ ጓደኛ «ረቂቁን በጥሞና አንብቦ ገንቢ አስተያየት የሰጠኝ» ተብሎ ይመሰገናል። ማኪያቶ ጠጪዎቹ በስም በስም ይዘረዘራሉ። በመጨረሻ ቦታ ሲጠብ «ስማችሁን ዘርዝሬ መጨረስ ያልቻልኩ ሁሉ» የምትል አንዲት መሥመር ትገባለች። አርታኢው፣ ታይፒስቷና የሽንኩርቱ ባለቤት ያሉት እዚያች መሥመር ውስጥ ነው።