ከጌም የመነኑት

በደብረ ታቦር አዲስ ዓይነት ምናኔ ተጀምሯል። የድሮው መናኝ በወረታ አድርጎ አዲስ ዘመን ይደርስና፣ በጽዱና በወይራው መሐል አቀበቱን ተያይዞ ጣራ ገዳም ይገባ ነበር፤ ከገባም ወደኋላ አያይም። የዛሬው ብልህ ነው። ከአልጋው ሳይወርድ ላፕቶፑን ይከድንና «ጌም በቃኝ፤ ሰለቸኝ» ብሎ ለወዳጅ ዘመዱ ያውጃል። ዓለምን ንቋልና «ጎበዝ!» ይባላል።

ምናኔው ሦስት ወር ይጸናል። የሦስት ወር ምሥጢሩ ደግሞ ከሰማይ አይደለም። ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ «ዲያብሎ 4» በተሰኘው ጌሙ ላይ በየሦስት ወሩ ገደማ አዲስ ሲዝን ይከፍታል። ሲዝኑን መጫወት የፈለገ አዲስ ጀግና ፈጥሮ ከደረጃ 1 ይነሣል። ሌሊቱን ሲያነጋለት የከረመው የፊተኛው ጀግና ከነጎራዴው፣ ከነጥሩሩ «ዘላለማዊ» ወደሚሉት ዓለም ይሸኛል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ግን የለም። የኒውዚላንዶቹ «ፓዝ ኦፍ ኤግዛይልም» ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ዜማ ነው የሚያስዘምረው፤ ሲዝኑን «ሊግ» ይለዋል እንጂ። መናኛችን ይህን ሁሉ እያወቀ «እንጃ፣ ፍላጎቴ ድንገት ተመለሰ» ይላል። ድንገት! ደመወዝም በወሩ መጨረሻ ድንገት ነው የሚመጣ።

ሲተው ፈላስፋ ይሆናል። «ምን አለው? ጭራቅ ትገድላለህ፣ የተሻለ ጎራዴ ይጥልልሃል፣ በእሱ የባሰውን ጭራቅ ትገድላለህ» ብሎ ይተነትናል። ልክ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ትችት አላነበብኩም። ሲመለስ ያንኑ ነገር «ጥልቀት» ይለዋል።

የምናኔው ወርቃማ ዘመን ግን 2015 ዓ.ም. ነበር። «ዲያብሎ 4» በግንቦት መጨረሻ ወጣ፤ ኮምፒውተሩ ላይ 90 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፣ ብቻህን ብትጫወት እንኳ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ክረምቱ እንደተጋመሰ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘጋ። ያኔ ያልመነነ ማን አለ? ዳታ ያስተዋቸውን በራሳቸው ትሩፋት አስጻፉት። መብራት የጠፋ ሌሊትማ መንደሩ በሙሉ ጻድቅ ነው።

ፒኤስ ቤት ገብታችሁ ፊፋ የሚጫወተውን እዩ። ከፍሎ ይጫወታል፣ አምስት ለዜሮ ይሸነፋል፣ ጆይስቲኩን ሰድቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፍላጎቱ ጠፋ፣ ተመለሰ ብሎ መግለጫ የሚሰጥ የለም። ለመግለጫ የታደለው ጎራዴ ለቃሚው ብቻ ነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ዲያብሎ፣ ጀግናውን ከአንድ የፈረሰ ካቴድራል ሥር 16 ደርብ ቁልቁል ያወርደዋል፤ መጨረሻው ላይ ራሱ ዲያብሎስ ተቀምጧል። ወደ ጣራ ገዳም ሽቅብ ከመውጣት ይልቅ ይህ ለጉልበት ይመቻል። አንዲት እናት ልጃቸው በሌሊት ሲያጓራ ሰምተው መጡ አሉ።

«ልጄ፣ ያን ሰይጣን ባለፈው ገደልሁት አላልህም?»

«ገድየዋለሁ፣ እማየ።»

«ታዲያ ማን ቀሰቀሰው?»

«አዲስ ሲዝን ነው።»

ነሐሴ በደረሰ ጊዜ ሁሉ አንዳንዱ «በፍልሰታ እንኳ እተዋለሁ» ብሎ ይሳላል። አዲሱ ሲዝን ከጾሙ ላይ ከወደቀበት ግን መልሱ ተዘጋጅቷል፦ ፍልሰታ የሕፃናት ጾም ነው።