አበል የማይጠይቅ ዘጋቢ

ማሽን ዜና ሊጽፍ ነው ተብሎ የደነገጣችሁ ጋዜጠኞች፣ ተረጋጉ። ሲኔት የተሰኘው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ካስጻፋቸው 77 ጽሑፎች 41ዱን በ2023 እ.ኤ.አ. ማረም ግድ ሆኖበታል። አንደኛው 10,000 ዶላር በ3 በመቶ ወለድ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,300 ዶላር ያተርፋል ይላል። ባንኩን ቢጠቁመን የቀረውን ስሕተት ይቅር ባልነው! በ2025 ደግሞ ከቺካጎ ሰን-ታይምስ ጋዜጣ ጋር የወጣ አባሪ በማሽን ታግዞ ለበጋ ንባብ 15 መጻሕፍት ጋበዘ፤ 10ሩ ጨርሶ አልተጻፉም። እነ ደራሲ ኢዛቤል አዬንዴ ብዕር ሳያነሡ አዲስ መጽሐፍ ወጣላቸው።

እንግዲህ ሰው ይሻላል። የእኛው ዘጋቢ ለምሳሌ ከራሱ ምንም አይፈጥርም። ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል የተላከለትን ወረቀት ርእሱን ለውጦ ያወጣል፤ መጨረሻው ላይ «ውይይቱ ፍሬያማ እንደነበር ተገልጿል» ይላል። ማን ገለጸ? አይጠየቅም። ማሽኑ ይህን ሥራ ቢረከበው አበል አይጠይቅ፣ ምሳ አይጠብቅ፤ አንባቢም ለውጡ አይታወቀው።

የሚያስቸግረው ሌላኛው ጋዜጠኛ ነው፤ ያ ወረቀቱን አስቀምጦ ገበያ የሚወርድ፣ የጤፍ ዋጋ የሚጠይቅ፣ ሰነድ የሚያገላብጥ፣ ደጋግሞ ደውሎ የሚያረጋግጥ። እሱን ከማሽን እንዴት እንለየው ብሎ መጨነቅ አያሻም። ባለሥልጣናት ድሮውንም ለይተውታል፤ በጻፈው ዜና የታሰረ ማሽን እስከ ዛሬ አልተሰማም።