በእጅ የተደመረ ኤክሴል

ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይዋ ስትከር ሰው ከሥራው በፊት ጥላ ይፈልጋል። የእኛ ሰፈር ጥላ ያለው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው። እኔ ከጎኑ ቡና ስለማፈላ የአካባቢው ቴክኖሎጂ በሙሉ በፊቴ ያልፋል፤ የፍርድ ቤት ማመልከቻው፣ የሠርግ መጥሪያው፣ የባጃጅ ሽያጭ ውሉ። ሰሞኑን ግን ሁሉንም ያስከነዳው የኮደር ሰርተፍኬት ነው።

መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ ሐምሌ 2016 ላይ፣ በ3 ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ሰው በነጻ ኮዲንግ ይማር ብሎ ጀምሮ የለ? ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ኮደር ሳንሆን የቀረነው እኔና የጎረቤቴ ፍየሎች ነን። ነገሩስ መልካም ነው። ትምህርቱ በስልክ ይከፈታል፤ የፕሮግራሚንግ መሠረት አለው፣ አንድሮይድ አለው፣ ዳታ ሳይንስ አለው። ጉዱ ያለው እኛ ዘንድ ነው። እኛ ማኅተም የመሰለ ነገር ካየን መጀመሪያ ላሚኔት እናስደርገዋለን፣ ምን እንደሚል የምናነበው ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው አንዷ ወዳጄ ሰርተፍኬቷን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ከጽሕፈት ቤቱ ስትወጣ፣ «ዳታ ሳይንሱን ጨረስሽው እንዴ?» አልኳት። «ኧረ ግማሹ ላይ ዳታዬ አልቆ፣ የቀረውን ታናሽ ወንድሜ ጨረሰልኝ» አለችኝ።

ያ ታናሽ ወንድም ደግሞ እውነተኛው በሽተኛ ነው። ሰው ኳስ ሲያይ እሱ ሌሊቱን ሙሉ ፓይተን ይጽፋል። ማንም አላዘዘው፣ ማንም አልከፈለው። እናቱ «ልጄ ኮደር ሆኗል» ብለው ካስወሩ ጊዜ ጀምሮ ግን ዕረፍት የለውም። ዲሽ ሲጠፋ ይጠራል፤ የሞባይል ባንክ የምሥጢር ቁጥር ሲረሳ ይጠራል፤ ፌስቡክ ሲጠለፍ ይጠራል። አንዲት ባልቴት የስፌት መኪናቸውን አሸክመው መጡበት። «እማማ፣ እኔ እኮ የምሠራው ሶፍትዌር ነው» ቢላቸው፣ «እሱንም እናይልሃለን፤ መጀመሪያ መርፌዋን» አሉት።

ፒችትሪን ሳላነሳ ብቀር ደግሞ የከተማው ማስታወቂያ ሁሉ ይታዘበኛል። ይህ አትላንታ የተወለደ የሒሳብ ሶፍትዌር ስሙን ሴጅ 50 ካለ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን አልሰማንም፤ ብንሰማም አንቀበልም። ማሠልጠኛው በር ላይ ፒችትሪ፣ የሥራ ማስታወቂያው ላይ ፒችትሪ። አንድ ልጅ በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ «ሴጅ 50 በደንብ እችላለሁ» ብሎ «ፒችትሪ አለመቻሉ» ሥራውን አሳጣው።

ኤክሴል ላይ ግን ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ ቡናውም ሁለተኛው ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ዳን ብሪክሊን የሚባል የሃርቫርድ ተማሪ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቁጥር ባረመ ቁጥር ተከትሎ ያለውን ሁሉ እየደመሰሰ እንደገና ሲያሰላ አይቶ አዘነለት። ከጓደኛው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖ በ1979 ቪዚካልክን ሠራ፤ አንዷን ስትነካት ሌላው ሁሉ ራሱን የሚያርም ሠንጠረዥ። ከዚያ ሎተስ 1-2-3 መጣ፣ ከዚያ ኤክሴል። ይህ ሁሉ ሰው የለፋው እኛ በእጃችን እንዳንደምር ነበር።

እዚህ በረንዳ ላይ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ሰውየው ላፕቶፑን ይከፍታል። ኤክሴሉን ይከፍታል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ በሁለት ጣት፣ ከንፈሩን ነክሶ ያስገባል። መስመር ያሰምራል፣ ርዕሱን ቢጫ ይቀባል፣ «ጠቅላላ ድምር» ብሎ በደማቁ ይጽፋል። እዚያ ላይ ይቆምና ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። ካልኩሌተር። አንዱን እየጠራ፣ ሌላውን እየደመረ፣ በመሃል ሰላምታ ሰጪ መጥቶ አሳስቶት እንደገና ከላይ ጀምሮ፣ ያገኘውን ድምር ኤክሴሉ ላይ ይጽፈዋል! ያ ሁሉ ዘመን የተለፋበት መሣሪያ ለንጹሕ ግልባጭ ዋለ። ማጣፊያው ሲያጥረው ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ አንቺም ደምሪልኝ» ይለኛል። እኔም፣ የሦስት ስኒ ቡና ሒሳብ በስልክ ካላረጋገጥኩ መልስ የማልሰጥ ሴት፣ ኮስተር ብዬ «ልክ ነው» እለዋለሁ።

እንዲያ ስላችሁ ኤክሴልን በወጉ የሞከረ የለም ማለቴ አይደለም። ሽንኩርትና ማሾ የሚነግዱ አንድ ሐጂ አሉን። ከቀወትም ከኤፍራታም የሚመጣውን ማሾ በኩንታል ያነሳሉ፤ ሒሳባቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው፤ ዕዳ ያለበትም ሰው ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። ያ ኮደሩ ልጅ «ሐጂ፣ ዘመናዊ ላድርግዎት» ብሎ የዓመቱን ንግድ ኤክሴል ላይ አሰፈረላቸው፤ ፎርሙላውን በትክክል ጻፈ፤ መጨረሻ ላይ ጠቅላላውን ሊያሳያቸው ጠራቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ሲሉ ድምሩ ቦታ ላይ የቆመው «#####» ነው። ልጁ ዓምዱ ጠብቦ ነው፣ ሰፋ ሲደረግ ይወጣል ብሎ ሊያስረዳ ሲል አቋረጡት፤ «ተወው ልጄ፤ ብዙ ብር ሲያይ አጥር አጥሮ ደበቀልኝ፤ ከአንተ ይልቅ እሱ ነጋዴ ነው!»

ልጁ ተስፋ አይቆርጥም፤ በሽታው እንደዚያ ነው። ሌላ ቀን ፓይተን ከፍቶ «ጉድ ላሳይዎት» ብሎ 0.1 እና 0.2 አስደመረ። እኔም ስኒዬን ይዤ ቀረብኩ። 0.3 ብሎ ዝም ሊል ሲገባው 0.30000000000000004 አለ። የዋህነት እንዳይመስላችሁ፤ ማሽኑ የሚቆጥረው በሁለት ነው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያለ ነው የሚሸነሽነው፤ አንድ አሥረኛ ደግሞ በዚያ ሽንሸና ቢሄዱ ቢሄዱ አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃም ትራፊውን ለማጥፋት ሳይሆን እንዴት እንደሚጠጋጋ ደንብ ለማውጣት ነው የመጣው። ልጁ ይህን ሁሉ ላብ እያጠመቀው አስረዳ። ሐጂ ጣታቸውን ያቺ 4 ላይ እንደ ደቀኑ «ገባኝ» አሉ። «ይቺ ግን የማን ኪስ ነው የምትገባው?»

ከዚያ ወዲያ ልጁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዞረ። የፋሲካን ቀን የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍኩ ብሎ ለመሪጌታ ሊያሳይ አሰበ። በኮርሱ ላይ ከተማረው ሁሉ የወደደው ሲካፈል የሚተርፈውን የምትሰጠዋን ምልክት ነበር። መሪጌታ የሠፈሩ ሰው ናቸው፤ ቡናዬን በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ ይጠጣሉ። «በል የ2018ን» አሉት። እሱ ይጽፋል፣ እሳቸው ጣታቸውን ያጥፋሉ። 5500 ጨምር፣ 7518። ለ19 ግደፍ፣ 13 ይተርፋል። አንድ አትት፣ ወንበር 12። በ11 አባዝተህ ለ30 ግደፍ፣ አበቅቴ 12። በ19 አባዝተህ ለ30 ግደፍ፣ መጥቅዕ 18። መስከረም 18 እሑድ ይውላል፣ ተውሳኩ 7፤ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ላፕቶፑም ሚያዝያ 4 አለ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የሁለቱ አሠራር ደረጃ በደረጃ አንድ ነው። ድሜጥሮስ የእስክንድርያው እንደ ደረሰው የሚነገረውን ባሕረ ሐሳብ ላፕቶፑ ላይ ካለው ፕሮግራሙ ጋር አስተያየና፣ በፍጹም አክብሮት «መሪጌታ፣ እርስዎ በምን ቋንቋ ነው የጻፉት?» አላቸው። «በግዕዝ» አሉት።

ልጁ ግን በዚያው አፍሮ አልተመለሰም፤ የኤክሴልን ገመና አወጣ። ሎተስ 1-2-3 ሲሠራ እ.ኤ.አ. 1900ን በስህተት ሠግር ዓመት አደረገው፤ በፈረንጆቹ ቆጠራ ያልነበረ ፌብሯሪ 29 ፈጠረ። ኤክሴል ሲመጣ ከሎተስ ፋይሎች ጋር ለመስማማት ብሎ ስህተቱን እያወቀ ወረሰ፤ ዛሬም ድረስ ያ ቀን እዚያ ውስጥ ይኖራል። መሪጌታ በጥሞና ሰሙትና፣ «በየ4 ዓመቱ አንዲት ቀን ሳያጓድል ጨመረ ነው የምትለኝ?» አሉ። «አዎ።» «ታዲያ እሱ ምን አጠፋ? ጳጉሜን 6ን የዘለሉት ሌሎቹ አይደሉም እንዴ!»

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ሰሞኑን ገብቷል፤ ጽሕፈት ቤቱም ያውቀዋል። አንድ ተማሪ ያስጻፈውን ኮድ ከነምኑም አትሞ ለመምህሩ አስረከበ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ «ሌላ ምን ልርዳህ?» የምትል መስመር ሳትቆረጥ ቀርታለች። መምህሩ ከሥሯ በቀይ «እሱን ፈተና ላይ ብትጠይቀው» ብለው ጽፈው መለሱለት።

የሰሞኑን ጨምሬ ልተዋችሁ። ልጁ ስልኩ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቪዲዮ አይቶ እየሮጠ መጣ። «የኢትዮጵያ ማባዣ የሚባል ዘዴ አለ! የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ ይለማመድበታል!» አለ። እውነቱን ነው፤ ሮዜታ ኮድ በሚባለው የፕሮግራመሮች መልመጃ ስብስብ ውስጥ በዚሁ ስም ተቀምጧል፤ በየቋንቋው ተጽፏል። ሐጂን ማሾአቸው ጆንያ ላይ አስቀምጦ፣ የአገራቸውን ዘዴ ሊያስተምራቸው ወረቀት ዘረጋ። 13 ኪሎ በ65 ብር። በግራ በኩል ማጋመስ ነው፤ 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ ግማሽ ከተረፈ ይጣላል። በቀኝ በኩል ማጠፍ፤ 65፣ 130፣ 260፣ 520። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት ረድፍ፣ ማለትም የ6ቱ፣ ይሰረዛል፤ የቀረው ቀኙ ይደመራል። 65፣ 260፣ 520። 845! ማሽኑም ውስጥ ለውስጥ የሚያባዛው በዚሁ በማጠፍና በማጋመስ ነው እያለ ሊበር ደረሰ። በረንዳው ላይ ያለን ሁሉ አጨበጨብን፤ የእኛ መሆኑን ከሰማን ወዲያ ባይገባንም ኮራን።

ሐጂ ብቻ አላጨበጨቡም። እሱ ገና ሁለተኛውን ረድፍ ሲጽፍ «አሥሩ 650፣ ሦስቱ 195» ብለው 845ቱን ከገዢው ተቀብለው ኪሳቸው ከተዋል። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና መለሱለት፤

«ጎበዝ ልጄ፣ አላህ ይጨምርልህ። እኔ ግን የፈረንጅ ሒሳብ አይሆንልኝም።»