ትሉ የተፋው ይመስክርበት

«የሆድ ትል በሽንት? ነገ ደግሞ የጥርስ ሕመም በእግር ጣት ይመርመር በሉና!» የይፋት ቆላዋ ጀውሃ ላይ የቢልሃርዝያን የሽንት ምርመራ ብታነሱ እንዲህ የሚላችሁ ተራቢ አይጠፋም።

ጋሼ፣ ትሉ አንጀት ውስጥ ነው ያለዎት ማነው? ቤቱ ደም ሥር ነው፤ ከአንጀት ደም የሚሰበስቡት ሥሮች ውስጥ ወንዱ ሴቷን አቅፎ ለዓመታት ይኖራል። የሚበላውም ደም ነው። አፍ አለው፣ በኋላ በኩል ግን መውጫ የለውም፤ የተረፈውን በዚያው በአፉ መልሶ ደማችን ውስጥ ይተፋዋል። በትፋቱ ውስጥ ፕሮቲንና ስኳር የተጣበቁበት፣ ባለሙያዎቹ «ሲሲኤ» የሚሉት ነገር አለ። ደም ይዞት ይዞራል፣ ኩላሊት ያጣራዋል፣ በሽንት ይወጣል። ሽንት ጠብ የተደረገበት ወረቀት በ20 ደቂቃ መስመር ያሳያል።

«እኔ እንደሆነ ሰገራዬን አስመርምሬ ነጋቲቭ ተብያለሁ!»

ነጋቲቭ የተባለውስ ስንት ሰገራ ነው? ካቶ ካትዝ በሚባለው ምርመራ አንዱ ስላይድ የሚይዘው 41.7 ሚሊግራም ነው። አንዲት ሴት ትል በቀን 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ግማሹ ያህል ጉበትና አንጀት ላይ ተሰክቶ ይቀራል፣ ሰውን የሚጎዳውም እሱ ነው። 150ው ወጣ፣ የዕለቱ ሰገራ ደግሞ 200 ግራም መዘነ እንበል። አንዲት እንቁላል ለማየት በአማካይ 32 ስላይድ ማንበብ ያስፈልጋል! የሚነበበው ግን አንድ ወይም ሁለት ነው። ትሉ ጥቂት የሆነበት ሰው «ንጹሕ ነህ» ተብሎ ወደ ሽንኩርት ማሳው ይመለሳል፤ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ትሉ በቆዳ የሚገባበት ቦይ ውስጥ ይቆማል።

«እንግዲያስ ደሜን ቅዱና ፀረ እንግዳ አካሉን እዩ።»

እሱማ ትሉ ከሞተ በኋላም ለዓመታት ይቆያል። ትናንት እንደታመሙ እንጂ ዛሬ ትል እንዳለብዎ አይነግረንም። የትሉ የዘር መረጃ በ2009 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ተመራማሪዎች በሺዎች ከሚቆጠሩት ፕሮቲኖቹ መካከል የትኛው «አሁን በሕይወት አለ» ብሎ እንደሚያሳብቅበት የሚለቅሙት ለዚህ ነው። ሲሲኤም እንከን አለበት፤ ፈዛዛ መስመር ሲያወጣ አንባቢውን ያወዛግባል፣ ነፍሰ ጡር ላይም ሊሳሳት ይችላል። ቢሆንም ስላይዱ ያለፈውን ብዙ ሰው ይይዛል።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው!»

ኧረ በአክሊሉ ለማ ይሁንብዎ! በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ዓለምን ያስተማረ የእኛው ሰው ነው። ትሉን የሚያሳድገው ያ ቀንድ አውጣ ነውና። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተጠራው ተቋም ዛሬም አለ።

«ኪኒኑ እያለ ምርመራው ምን ይሠራል?»

ፕራዚኳንቴል አዋቂውን ትል ይገድላል፤ ገና በቅርቡ በቆዳ የገባውን ጨቅላ ትል ግን በደንብ አይነካውም። ኪኒኑን ውጦ በማግስቱ ቦይ የሚገባ ገበሬ ትሉ ይሙት አይሙት በምን ይወቅ? ደግሞም ዕደላው በአብዛኛው የተማሪ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ኪኒን ሲውጥ አባትዬው ማሳ ላይ ነው፤ እናቲቱ ወንዝ ወርዳ ልብስ ታጥባለች።

ስለዚህ ልመናዬ ለጤና ቢሮ ነው፦ የሽንት ምርመራው በጥናት ሰሞን ብቻ ብቅ የሚል አይሁን፤ ጀውሃና ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያዎች መደርደሪያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጥ። እስከዚያው እናንተ የይፋት ቆላ ሰዎች፣ ስትመረመሩ ወንዝና ቦይ ውስጥ እንደምትውሉ ለባለሙያው ንገሩት፤ በአንድ ቀን ናሙና አትመለሱ፣ በሌላም ቀን ድገሙት።