ለትል ጠበቃ የቆመው ሳሉግ

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» አለ ጎጃሜው፣ የፉሉ ሳህን ላይ የሰፈሩትን እሽ እያለ።

«ልጇ ግን የሰሊጥ አበባ ትዘጋለች» አለ ጎንደሬው። «ይልቅ ጋኑን ተውና እርሻውን እይ።»

ባሱንዳ ነን፤ ከመተማ ማዶ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ግዛት። ሰሊጥና ማሽላው ዓይን እስኪደክም ይዘልቃል። ለአረምና ለአጨዳ ከእኛ ደጋ የሚወርደውን የጉልበት ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። ዝናብ ሥራ ያስፈታው ሳሉግ ደግሞ ተረብ ላይ ነው፤ ያን ዕለት ዕጣው ለዝንብ ልጅ፣ ለትል ወጣ። ጎንደሬው ጠበቃ ቆመለት፤ አበል የሚከፍለው ያለ ይመስል።

«ለመሆኑ ትል የሚባል ፍጥረት ባይኖር ምን ይጎድልብን ነበር?»

«መንገድ። እስከ ዛሬ የሞተው አህያና ግመል ሁሉ ተከምሮ፣ አንተ ገዳሪፍ ለመግባት መሰላል ትከራይ ነበር።»

የሰሊጡ ነገር ግን የምር ነው። ሲያርም ጎንበስ ብሎ ያየ ያውቀዋል፤ አበባ መሆን የነበረበት እንቡጥ አንዳንዱ ክብ፣ አረንጓዴ እብጠት ሆኖ ይቀራል። በጥፍር ሲሰነጥቁት ውስጡ ደቃቅ እጭ አለ። እናቱ ከትንኝ የማትበልጥ ዝንብ ናት፤ እንቁላሏን እንቡጡ ውስጥ ትጥላለች፣ እንቡጡም ዘር መቋጠሩን ትቶ የልጇ ቤት ይሆናል። ማሽላው ላይ ደግሞ ሌላዋ አለች። ቡቃያው ገና በቅሎ ወር ሳይሞላው ቅጠሉ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ እጩ ወደ እምብርቱ ወርዶ ይቆርጠዋል፤ የዙሪያው ቅጠል ለምልሞ ሳለ የመሃሉ ይደርቃል። ሲስቡት ያለ ትግል ይመዘዛል። ዘግይቶ የዘራ ደግሞ ይብስበታል።

«እና ለዚህ ነው የምትሟገትለት?»

«እሱን ክሰሰው፤ እኔ ራሴ እመሰክርበታለሁ። አንተ ግን ጀርባህ እስኪጎብጥ ስታርም ከርመህ እሱን አላየኸውም። ስድብህ ሁሉ ቁስል ላይ ላየኸው ነው።»

«የቁስሉን ታዲያ ልሳመው?»

«የሳመው ሐኪም ባይኖርም የቀረበው አለ።»

አለ እንጂ። ዊልያም ቤር የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ቁስለኞች መጡለት። ጭናቸው ተሰብሯል፣ ሆዳቸው ቆስሏል፣ 7 ቀን ያለ ምግብና ውሃ ሜዳ ላይ ተረስተዋል። ቁስሉ ሲገለጥ ትል ይርመሰመስበታል። ትኩሳት ግን የላቸውም! ትሉን አጥቦ ሲያይ ከሥሩ ያማረ፣ የሚያገግም ቀይ ሥጋ አገኘ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስብራት የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሞት ነበር። ቤር ነገሩን አልረሳውም፤ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ባልቲሞር ከተማ፣ አጥንታቸው መግል የያዘ ሕጻናትን በዝንብ እጭ አከመ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህንኑ እጭ በሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ፈቀደ። እጩ የሚበላው የሞተውን ሥጋ ነው፤ ምራቁም ጀርም ይገድላል።

ጎጃሜው ባልቲሞር ድረስ የሚሄድ ሰው አይደለም።

«እንግዲያ የአህያዬን ገጣባ ትል ለቅሜ እግሬ ላይ ልበትነው?»

«በትነው። አህያህ ቀብርህ ላይ ትቆማለች።»

እዚህ ላይ ተረቡን ላቁም፤ የሚሞክር አይጠፋምና። ሐኪም የሚጠቀምበት እጭ ከጀርም ጸድቶ የተፈለፈለ፣ ዝርያው የታወቀ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ታጥቦ የሚነሳ ነው። ቤር ራሱ ያልጸዳ ትል ተጠቅሞ ታካሚዎቹ ላይ ቲታነስ መጥቶበት ነው ማጽዳት የጀመረው። በአፍሪካ ቆላ ደግሞ ሕያው ሥጋ ካልሆነ የማይጥመው ትል አለ፤ እናቱ በአንድ ቁስል ጠርዝ ላይ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትደረድራለች። ለከብት የመዥገር ንክሻ ያህል ቀዳዳ ይበቃታል። የዚህ ትል የአሜሪካ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቢያ ገብቶ አፍሪካን አስደንግጦ ነበር። ያጠፉት በራሱ ዝርያ ዝንብ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ በጨረር የመከኑ ወንዶችን በአውሮፕላን አምጥተው በብዙ መቶ ሚሊዮን በተኑባቸው። ሴቷ በሕይወቷ አንዴ ነው የምትጠቃው፤ ያን አንዱን ከመካን ጋር ካሳለፈች ዘሯ ቆመ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊቢያ ነጻ ወጣች።

«መካን ድሮ ተልኮ ተሳክቶለት አያውቅም» አለ ጎጃሜው። ለዚህ መልስ አልተገኘለትም።

ግመሉንም አልማሩትም። በዚህ በሱዳን በኩል ራሻይዳ የሚባሉ አርብቶ አደሮች የሚነዱት ግመል አፍንጫውን ለትል ያከራያል፤ ዝንቧ እጯን አፍንጫው አጠገብ ጥላ ትሄዳለች፣ ተከራዩም ጉሮሮው ድረስ ገብቶ ወራት ይቀመጣል፣ ሲበቃው በማስነጠስ ይወጣል። «በማስነጠስ የሚወጣ ተከራይ ጎንደር ላይ ባገኝ ቤት እሠራ ነበር» አለ ጠበቃው።

ልብስ መሬት ላይ ለሚያሰጣም ተረብ አለ። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች፤ እጩ ቆዳ ሰርስሮ ይገባና እባጭ መስሎ ይቀመጣል። እባጩ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ መተንፈሻው ናት፤ ቫዝሊን ሲለጥፉባት ታፍኖ ብቅ ይላል። ልብሱን እስከ ስፌቱ በጋለ ካውያ የተኮሰ አይነካውም።

«ሳሉግ ካውያ ከየት ያምጣ?»

«ታዲያ ገመድም የለህም? ገመድ ወጥር፣ ፀሐይ ላይ ስቀል።»

ከሁሉ የከፋውን ግን አንዳቸውም አልጠሩትም፤ እኔ ልጥራው። በበጋ የሚሰነጠቀው የገዳሪፍና የመተማ ዋልካ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ እጭ ይኖራል። ፍርስራሽ ቅጠልና ፋንድያ እየበላ ያድጋል፤ ማንንም አይነካም፣ የሚያየውም ጥቂት ነው። ክንፍ ሲያወጣ ግን ሴቷ ግራርና በደኖ ሥር የተኛውን ሳሉግ በሌሊት ትነክሰዋለች፤ ካላዛር የምታሸክመው እሷ ናት። ትኩሳቱ ሳምንታት ይዘልቃል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል፤ ካልታከመ አይምርም። የተለመደው ሕክምና 17 ቀን በየዕለቱ መርፌ ሆኖ ቆይቷል። እዚህ ገዳሪፍ፣ ወዲያ አብዱራፊና ጎንደር ይህን በሽታ ለዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል። ብዙ ሳሉግ ግን ወባ ነው እያለ ኪኒን ሲውጥ ይከርምና ቀበቶው አልዘጋ ሲለው ነው ሐኪም ቤት የሚሄደው። የዋልካውን ስንጥቅ ሁሉ ማከም አይቻልም፤ ዓይነ ጠባብ አጎበር ግን ይቻላል። የእርሻው ባለቤት ለሰሊጡ ሸራ ሲገዛ ለአራሚው አጎበር ቢጨምር ኪሱ አይቀደድም።

ፉሉ አለቀ። ጎጃሜው የመጨረሻ ሙከራ አደረገ።

«እሺ፣ የሚጠቅም ካለህ አንድ ጥራ፤ የሐኪሙን ሳትጨምር።»

«ጥቁር ወታደር ዝንብ።»

«ይሄ ድንበር ወታደር አነሰው?»

«ይሄኛው የሚበላው የተጣለ ነው። እጩን የወጥ ትራፊና የገበያ ውዳቂ ላይ ልቀቀው፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውዳቂውን ጨርሶ ይሰባል። አድርቀህ ለዶሮ ትሰጠዋለህ፤ የደረቀው ከመቶው 40 ያህሉ ፕሮቲን ነው። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ገበሬ ሲያሠለጥንበት ቆይቷል።»

«ዝንብ ሲሆንስ? ፉሌ ላይ ሊሰፍር ነው?»

«አይሰፍርም። በልጅነቱ ባከማቸው ስብ ይኖራል፤ ከአደገ በኋላ ውሃ ካገኘ መብል አያስፈልገውም።»

«አድጎ የማይበላ?» አለ ጎጃሜው፣ ጋቢውን እያነሳ። «እንግዲያ ሹመት አያገኝም በለኛ!»