ሁልጊዜ ተረኛ

ብሎግ መክፈት ቀላል ነው። የጎግል አካውንት ያለው ሰው ስሙን ይሞላል፣ መልክ ይመርጣል፣ ሁለት ሦስት ቦታ ይጫናል፤ ጀበናው ሳይንተከተክ ጦማሪ ሆኗል። ገንዘብ አይጠየቅም፣ ዋስ አይጠየቅም፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍም አይጠየቅም። ያለ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚጀመር ነገር በሀገራችን ብርቅ ስለሆነ ብዙ ሰው በዚሁ ተታሎ ይገባል። መከራው የሚመጣው ሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ነው።

እኔ ብሎግን የማየው እንደ ጽዋ ማኅበር ነው። በማኅበር ግን ተራ በዓመት አንዴ ቢደርስህ ነው፤ ዳቦውን ትደፋለህ፣ ጠላውን ትጠምቃለህ፣ ከዚያ አሥራ አንድ ወር በሰው ቤት እየዞርክ ትበላለህ። በብሎግ ተረኛው ሁልጊዜ አንተ ነህ። ማኅበርተኛው በቀኑ ይመጣል፣ ይቀምሳል፣ አንዳንዱም "የዛሬው ቀጠን አለ" ብሎ ይሄዳል። ጽዋውን ተቀብሎህ የሚወጣ ግን አንድም የለም።

የእኔ ብሎግ የሚያወራው ስለ አዲስ አበባ ሰፈሮች ነው። የከፈተልኝ የእህቴ ልጅ ነው። እሱ እንኳ ሲከፍተው ያሰበው ሌላ ነበር። "ጋሼ፣ ስለ ሁሉም ነገር ይጻፉ፤ ፖለቲካ፣ ጤና፣ ፍቅር፣ ኳስ፣ ቴክኖሎጂ" አለኝ። ስለ ሁሉም ነገር የሚጽፍ ሰው ማክሰኞ ስለ ስኳር በሽታ፣ ሐሙስ ስለ አርሰናል ሲያወራ አንባቢው መድኃኒት ይግዛ ወይ ማሊያ ይግዛ ግራ ይገባዋል። ጠባብ ርዕስ ቶሎ የሚያልቅ ይመስላል እንጂ አያልቅም። ሰባራ ባቡር የሚባለውን ሰፈር ውሰድ። በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ተበላሽቶ ስለቆመው የመንገድ መዳመጫ ልጽፍ ተቀመጥኩ። መዳመጫው ያስመጣውን አርመናዊ ሰርኪስ ተርዚያንን ጎተተ፤ ሰርኪስ የከተማውን አርመኖች ጎተተ፤ አርመኖቹ ዳቦ ቤታቸውንና ሙዚቃቸውን ይዘው መጡ። አንድ የተሰበረ ባቡር ስንት ሳምንት እንደጎተተኝ ተመልከት።

እናቴ ነገሩን የሰማችው ከዚሁ ልጅ ነው። "እማማ፣ ጋሼ እኮ ጦማሪ ሆኑ" ሲላት መጀመሪያ የጠየቀችው "የት ነው የታሰረው?" ብላ ነበር። አይፈረድባትም። ቃሉን የሰማችው ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን 9 ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታስረው ከአንድ ዓመት በላይ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ነው። ለእሷ ጦማሪ ማለት ስንቅ የሚወሰድለት ሰው ነው። "ኧረ እማማ፣ ስለ ሰፈር ነው የሚጽፉት" ቢላት፣ "ሰፈርስ ባለቤት የለውም?" ብላ ዝም አሰኘችው።

ርዕስ ከያዝክ በኋላ ቀን ቁረጥ። በየቀኑ እጽፋለሁ ብሎ የተነሳው ሰው ጾም ሳይገባ ይጠፋል፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ያለው ዛሬም አለ። ረቡዕ ካልክ ረቡዕ ይሁን። አንባቢ ጽሑፍህ ግሩም ስለሆነ ብቻ አይመጣም፤ እንደሚያገኝህ ስላወቀ ይመጣል። ለዚህ ደግሞ ሁለት ሦስት ያለቀ ጽሑፍ በጓዳ ይኑርህ። ሰው ይታመማል፣ መብራት ይሄዳል፣ የዘመድ ሠርግ ይመጣል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ የውጭ ሀገር አንባቢዎቻቸውን ያላጡት አስቀድመው ጽፈው ቀን የሞሉለት ነበሩ። ጸሐፊው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ጽሑፉ በቀጠሮው ይወጣል።

ከጠፋህም ጠፋህ፤ ይቅርታ አትጠይቅ። የስንቱ ብሎግ ታሪክ ሦስት ጽሑፍ ነው፦ አንደኛው "እንኳን ደህና መጣችሁ"፣ ሁለተኛው "ስለጠፋሁ ይቅርታ"፣ ሦስተኛው "ከእንግዲህ አልጠፋም"። ከሦስተኛው በኋላ ዘመድም አላገኘው። እንዲሁም ሁለተኛው ክፍል ተጽፎ ካላለቀ በቀር ከጽሑፍህ ግርጌ "ይቀጥላል" የምትል ቃል አታኑር። ብዙ አባወራ በዚች ቃል ስሙን አጥቷል። ሽማግሌ አንባቢ "ክፍል ሁለትን ሳላይ ልሙት እንዴ?" ብሎ ሲጽፍልህ መልሱ ይቸግራል።

ቀጠሮ ካነሳን፣ ሰዓት የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ወዳጄ ለፋሲካ ጠዋት በ3 ሰዓት እንዲወጣ የእንኳን አደረሳችሁ ጽሑፉን ከዋዜማው አሰናዳ። ሰዓቱ ላይ 3:00 ብሎ ሞላ። ማሽኑ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው፤ በዚያ ላይ የብሎጉ የሰዓት ክልል ከተከፈተ ጀምሮ ካሊፎርኒያ ላይ ቆሞ ነበር። የካሊፎርኒያ ሌሊት 3:00 በዚያ ወቅት በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። "ጾሙ ተፈታ፣ ተነሡ፣ ብሉ!" የሚለው ጥሪ የደረሰው ሰው ዶሮውን ጨርሶ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ሶፋ ላይ ከተዘረረ በኋላ ነው። እንግዲህ ከሁሉ በፊት ከዝርዝሩ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት ፈልገህ ምረጥ። እኔ ከምሽቱ 2 ሰዓትን እወዳለሁ። የአዲስ አበባው ሰው እራቱን በልቶ ስልኩን ያነሳል፤ የዋሽንግተኑ የምሳ እረፍቱ ላይ ነው፤ ሪያድና ኩዌት ያሉት እህቶቻችን ደግሞ ሰዓታቸው ከእኛው ጋር አንድ ነው። ዓመተ ምሕረቱንም አትርሳ። "በ2010 የተሠራ ሕንፃ" ብለህ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካላልክ ሁለት አንባቢ በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ሲጣላ ያመሻል።

ፊደላችንም ቀላል ፈተና አይደለም። ሠራተኛ ሰፈር በሁለቱ "ሰ" ብቻ አራት ዓይነት ይጻፋል። "ፀሐይ" ደግሞ ፀውንና ጸውን፣ ሀውንና ሃውን፣ ሐውንና ሓውን፣ ኀውንና ኃውን እያቀያየርክ ብትቆጥር 12 ትሆናለች። ሰው ሲያነባት አንዲት ፀሐይ ናት፤ መፈለጊያው ግን ሁልጊዜ አንድ አያደርጋትም። በአንዱ ጽፈህ ሰው በሌላው ሲፈልግህ ትተላለፋላችሁ። መፍትሔው፣ አንድ አጻጻፍ መርጠህ በእሱ መጽናት፣ ሌሎቹን ደግሞ ከግርጌ በመለያ ቃልነት ማስፈር ነው። አራት ነጥብንም እንዲሁ። ሁለት ነጥብ ደራርቦ "፡፡" የሚያደርግ አለ፣ በእንግሊዝኛው "::" የሚያደርግ አለ፣ "።" የምትባለዋን ትክክለኛዋን አንዲቷን የሚያገኛትም አልፎ አልፎ አለ። ለዓይን አንድ ቢመስሉም ለማሽኑ ሦስት ናቸው።

ፎቶም ስትለጥፍ የሰው ካርድ እንደምትበላ አስብ። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ሦስት አራት ሜጋባይት ይመዝናል። አምስቱን ደርድረህ "የጥንቱ ፒያሳ በሥዕል" ስትል አንባቢህ ገና ሁለተኛው ፎቶ ላይ ጥቅሉ አልቆ፣ ፒያሳን ሳይሆን የቀሪ ሒሳብ መልእክት እያየ ይቀመጣል። ከመለጠፍህ በፊት አሳንሰው፤ ሁለት መቶ ኪሎባይት ለአንድ ሕንፃ ይበቃዋል። ገንዘብን በተመለከተ፣ "ብሎግ ያበላል ወይ?" ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አጭር ነው፦ ካርድ ያስሞላል። የአንባቢ ቁጥር ማየትም ሱስ ነው፤ ደግሞ ቆጣሪውን የራስህን ጉብኝት እንዳይቆጥር ካላዘዝከው ግማሹ አንባቢ ራስህ ነህ።

አስተያየት ሲመጣ ሳታየው እንዳይወጣ አድርግ። ስለ ገዳም ሰፈር ከጻፍኩት ሥር አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ረጅም ምስክርነት ተለጥፎ አገኘሁ። ሴትዮዋ ባሏ ትቷት ሄዶ እንደነበር፣ አንድ ታላቅ ዶክተር ግን በ48 ሰዓት ውስጥ እንደመለሱላት፣ ስልካቸውም ይኸው እንደሆነ ታወሳለች። ላጠፋው ስል አክስቴ ደረሰች። "ምን ይላል?" አለች። ተረጎምኩላት። ጥቂት አሰበችና "እስቲ ስልኩን ጻፍልኝ" አለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ለማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ደህናው አስተያየት ግን ወርቅ ነው። ስለ ዶሮ ማነቂያ የጻፍኩት ሥር ሁለት አዛውንት በአንድ ሥጋ ቤት ተጣልተው ነበር። አንዱ "በግራ ነው" ይላሉ፣ ሌላው "በቀኝ ነው፣ እዚያው ነው ያደግሁት" ይላሉ። ሲጣራ አንደኛው የሚያስታውሱት ከፒያሳ ሲወርዱ፣ ሁለተኛው ወደ ፒያሳ ሲወጡ ነው። ያችን ክርክር ወስጄ ጽሑፉ ውስጥ አስገባኋት፤ ከእኔው አንቀጾች ሁሉ የምትነበበው እሷ ናት።

ያ ጽሑፍ ብሎግ ጠብቆ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አሳይቶኛል። በወጣ ጊዜ ብዙም ያየው አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሲሄድ፣ ሰው ከያለበት ይጎርፍበት ጀመር። ከሜሪላንድ "የእኛ ግቢ በር የታየበት ፎቶ አለህ?"፣ ከቴል አቪቭ "ዳቦ ቤቱ አጠገብ የነበረችው ደረጃስ?" ይሉኛል። አንዱማ ተቆጥቶ ነው የጻፈው፦ "ጥብሱን ቅመሱ ባልከው መሠረት ሄድኩ። ያገኘሁት ቆርቆሮ አጥር ነው።" ከዚያ ወዲህ አሮጌ ጽሑፎቼን እየዞርኩ እጎበኛለሁ። የተለወጠውን ከላይ በአንድ መስመር ከነቀኑ እጽፋለሁ፤ ከሥር ያለውን ግን አልነካም፣ አድራሻውንም አልቀይርም፤ የተቀየረ አድራሻ ይዞ የመጣ ሰው ባዶ ገጽ ነውና የሚያገኘው። ፎቶ ሥር ወርና ዓመት አሰፍራለሁ። በ2017 ዓ.ም. መባቻ የካዛንቺስ ተራ ሲደርስ ቢያንስ የበሩን ፎቶ የት እንዳስቀመጥኩት አውቅ ነበር።

ሰፈር እንደሚፈርስ ሁሉ ብሎጉ የተቀመጠበትም ቦታ ይፈርሳል። ጂኦሲቲስ የሚባለው ስንቱ የግል ገጹን የሠራበት ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ፤ ጎግል ፕላስም በ2019 ተከተለ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ደግሞ የጎግል የብሎግ ቤት የሆነው ብሎግስፖት ራሱ ባለበት ቆሞ ከኢትዮጵያ እንዳይታይ ታግዶ ነበር፤ ጸሐፊው የጻፈውን ለማየት ባሕር ማዶ ያለ ወዳጁን ይጠይቃል። ለዚህ ነው በወር አንዴ ሙሉውን ብሎግ በአንድ ፋይል አውርዶ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው። ማውረጃው ቅንብሩ ውስጥ አለ፤ ነገሩ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልቃል። በፍላሽ ብቻ አታስቀምጠው፤ ፍላሽ ማለት "አምጣ፣ አንድ ፊልም ልጫንበት" ተብሎ በዚያው የሚቀር ዕቃ ነው። አንዱን ለራስህ ኢሜይል ላክ።

የቀረው ሌባ ነው። አክስቴ አንድ ማለዳ በቴሌግራም ረጅም ጽሑፍ ላከችልኝ። ሥሩ ላይ "ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ፤ ለ10 ሰው ያጋሩ" ይላል። ከእሷ የታከለው ደግሞ "አንተም እንዲህ ብትጽፍ ምን አለበት?" የሚል ነው። የራሴው ስለ እሪ በከንቱ የጻፍኩት ነበር፤ ከላይ የነበረው ስሜ ብቻ ተቆርጧል። ስምህን ከላይ ብታደርገው ይቆረጣል፣ ከታች ብታደርገውም ይቆረጣል። ከዚያ ወዲህ ብልሃት አበጀሁ፦ ወሬው ሲሞቅ፣ መሐል ላይ፣ የቤቴን ሰው አንዱን አስገባለሁ። ቀጂ ሰው ጫፉን እንጂ መሐሉን አያነብም።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ አሁን የሚያነብ የለም፤ ቪዲዮ ነው" ብሎ ቲክቶክ ከፈተ። በመጀመሪያው ቪዲዮው ካዛንቺስ አጥሩ ሥር ቆሞ፣ መነጽር አድርጎ፣ ከስልኩ ላይ ጽሑፌን አንድም ቃል ሳይዘል ያነባል። መሐሉ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ለሕዝብ እንዲህ አለ፦ "ይህንን ፎቶግራፍ ያነሳሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ የእህቴ ልጅ ሰነፍ ስለሆነ ቢላክም አይሄድም።"