ዶኽ እስከ ሰባት ቤት፦ የስፖርተኞች ጥቃቅን ጣጣ በመቫሰረት ጽዮን እንዴት እንደሚዘገብ

ኳስ እየመታ ደመወዝ የሚበላ ወጣት፣ ከሜዳ ውጭ ሲሆን፣ ማናችንም የምንሠራትን ጥፋት ይሠራል። መኪናውን የአካል ጉዳተኞች ቦታ ላይ ያቆማል። ልምምድ ላይ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ይደርሳል። ምግብ ቤት ገብቶ ከአስተናጋጁ ጋር ድምፅ ከፍ አድርጎ ይነጋገራል። እኛ ስናደርገው ከትዳር ጓደኛችን በቀር የሚያውቅብን የለም፤ እሱ ሲያደርገው ዜና ይሆናል። ይህ ጥናት ያ ዜና ከየት ተነሥቶ በማን በኩል አልፎ የት እንደሚያርፍ ይመረምራል። ጥፋቱን ራሱን አይመረምርም። ለእሱ ፖሊስ አለ።

የጥናቱ ቦታ መቫሰረት ጽዮን ነው። ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ፣ ከቁጥር 1 አውራ ጎዳና ራስጌ ያለው ይህ ከተማ ሁለት ሰፈሮች እ.ኤ.አ. በ1963 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተዋህደው የቆሙበት ነው። ቦታው ለጥናቱ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቤታር ኢየሩሳሌም የሚጫወትበት ቴዲ ስታዲየም ቅርብ ነው፤ ቤታር ደግሞ ያለ ጣጣ ሰንብቶ የማያውቅ ክለብ ስለሆነ ጥሬ ዕቃው አያልቅም። ሁለተኛ፣ የአይሁድ ኤጀንሲው (የሶኽኑት) መርካዝ ቅሊጣ፣ ማለትም አዲስ ገቢዎችን የሚቀበለው ማዕከል፣ የተቋቋመው እዚሁ ነው። ከጎንደርም ከአዲስ አበባም መጥቶ በዚያ በር ያለፈ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ በዚህ ኮረብታ ላይ እንደ ልብ ይገኛል። የዚህን ሁለተኛ ምክንያት ክብደት አንባቢ ወደ ኋላ ይረዳዋል።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ቡና የሚፈላበት ቤት ገብቶ መቀመጥ። የናሙናው መጠን በረካ እስኪደርስ ድረስ የገባው ሰው ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ዜናው በዕብራይስጥ ይወጣል፤ ሲወጣም ስም የለውም። «የአንደኛ ሊግ ተጫዋች»፣ «የታወቀ አጥቂ»፣ «በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ስፖርተኛ» ይላል። አንባቢው ሁሉ ይህን የሕግ ጥንቃቄ አድርጎ ያየዋል። በእኛ ሰፈር ግን ስም የለሽ ዜና ማለት ያልተጻፈ ዝርዝር ማለት ነው። ሞባይሉን የያዘው የልጅ ልጅ ጮክ ብሎ አንብቦ ሳይጨርስ አያቱ «የእኛ ልጅ ብቻ አይሁን» ትላለች። ጸሎቷ ተጫዋቹ ነጻ እንዲወጣ አይደለም። ሌላ ሰው እንዲሆን ነው። ወዲያው በሊጉ ያሉ ልጆቻችን አንድ በአንድ ይጠራሉ፦ እንትና በረኛው? እሱ ተጎድቶ ቤቱ ነው። ያ የነታንያው? እሱ ውጭ አገር ሄዷል። ያ ረጅሙስ? እሱ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ እናቱን አውቃታለሁ። ይህን ቆጠራ የትኛውም የስፖርት ጋዜጠኛ ሲሠራ አላየንም። ቡድን የሚመርጥ አሠልጣኝ እንኳ ይህን ያህል በጥንቃቄ አይመርጥም።

ስሙ ሲወጣ ፎቶው ይከተላል። በዘገባው ሁሉ ውስጥ የማይዛነፍ ሕግ ካለ ይህ ነው፦ ፎቶው ከጥፋቱ ጋር አይገናኝም። ሰውየው የተቀጣው መኪና በማቆም ነው፤ ፎቶው ግን ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ቀን፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ የተነሣው ነው። የሚያይ ሰው ለዶኹ እንዲህ አዘነ ብሎ ያስባል። (ዶኽ፣ ለውጭ አገር አንባቢ፣ የትራፊክ ቅጣት ወረቀት ነው። ለዚህ አገር አንባቢ መግለጫ አያስፈልገውም፤ መሳቢያው ውስጥ አለ።) ከፎቶው ሥር የክለቡ መግለጫ ይመጣል፦ ክለቡ ጉዳዩን በጥብቅ ይመለከተዋል፣ በውስጥ ይመረምረዋል፣ ተጫዋቹም ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ማብራሪያ ይሰጣል። ተጫዋቹ ጎል ካገባ ማብራሪያው ተሰጠ ማለት ነው።

የአካባቢ ጋዜጣ ዓርብ መታተሙም ከባድ ነገር ነው። ዓርብ ጠዋት በር ላይ የወደቀ ዜና ፀሐይ ስትገባ ሰንበት ይይዘዋል። ሬዲዮ ተዘግቷል፣ ስልክ ተቀምጧል፣ አውቶቡስ የለም። ዜናው በእግር ነው የሚሄደው፤ ከዳቦው ጋር ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ ከምኩራብ ደጃፍ ይቆማል፣ ደረጃ ይወጣል። በእግር የሄደ ዜና ደግሞ መንገድ ላይ ይፋፋል። ዓርብ «ያለ ቦታው አቆመ» የነበረው ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ሲወጣ «መኪናውን ወረሱበት» ሆኖ ይገኛል። እሑድ በሬካ ሬዲዮ የአማርኛውን ዜና የከፈተ ሰው ስለ ተጫዋቹ አንድም ቃል ሳይሰማ ሲቀር፣ ዜና አንባቢው ለወገን አድልቶ ደበቀው ይባላል።

እዚህ ላይ ታሪክ ቢነሣ አይከፋም። በኢየሩሳሌም፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ባለችበት የኢትዮጵያ ጎዳና፣ ዕብራይስጥ የዕለት መነጋገሪያ እንዲሆን የታገለው ጋዜጠኛ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ይኖር ነበር። መነኮሳቱ በአንድ ወገን ዝም ብለው፣ እሱ በሌላው ወገን ሰው ሁሉ እንዲያወራ ሲጥር፣ ጎዳናው ለሁለቱም በቅቷቸዋል። የእኛ ጥናት የሚያተኩረው ሁለተኛው ወገን ላይ ነው።

ከሜዳ ውጭ ያለ ጣጣ የግድ ተጫዋቹ የሠራው መሆን የለበትም። በ2019 ቤታር አሊ ሞሐመድ የተባለ የኒጀር ተወላጅ አማካይ አስፈረመ። ሰውየው ክርስቲያን ነው፤ ደጋፊዎቹም ይህን አጣርተው አምነዋል። የቀረው ችግር ስሙ ነበር። ከፊሎቹ ሰውየው ይሁን፣ ስሙ ግን ቴዲ ላይ አይጠራ አሉ። የክለቡ ባለቤት ሞሼ ሆጌግ ተቆጣ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ ዓለም አነበበ። መርካዝ ቅሊጣ ውስጥ ግን ብዙም የተገረመ አልነበረም። እዚህ ጠዋት በአንድ ስም ገብቶ ማታ በሌላ ስም የወጣ ሰው ሞልቷል፤ ልዩነቱ የነሱን ስም ጎል እስኪያገቡ ሳይጠብቁ መቀየራቸው ነው።

ከስም ቀጥሎ ዕድሜ ይመጣል። የማራቶን ሯጩ ኃይሌ ሳታይን በመዝገብ የተወለደው በ1955 ነው። በ2004 አቴንስ ኦሊምፒክ ላይ፣ መዝገቡ 49 ዓመት ሲለው፣ 20ኛ ወጣ፤ አራት ዓመት ቆይቶ ቤጂንግም ሮጠ። ስፖርት ወዳዱ ዓለም ሩጫውን ትቶ ልደቱን ሲያጠና ከረመ። የቡናው ጉባኤ ግን ነገሩን ገና ከአቦሉ ላይ ፈትቶታል። ጉባኤው እንደሚለው፣ አገር ቤት የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያውቀው በወረርሽኝ፣ በአንበጣ ወይም በገዥ ስም ነው። ከአውሮፕላን የወረደውን ሰው ጸሐፊው «ስንት ዓመተ ምሕረት?» ሲለው በእኛ አቆጣጠር ይመልሳል፤ ጸሐፊው በራሱ ይጽፋል። ሰውየው በአንድ ፊርማ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። በኃይሌ ላይ የደረሰው ይኸው ነው ብሎ ይህ ጥናት አይፈርምም። ከጉባኤው መካከል ግን በዚህ መንገድ ከታላቅ ወንድማቸው በዕድሜ የበለጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ጡረታቸውን ቀድመው በማግኘታቸው ቅሬታ የላቸውም።

ለማነጻጸር ያህል አዲስ አበባን እናንሣ። እዚያ የስፖርተኛ ጣጣ የሚጀምረው ከሌሊት ክለብ አይደለም፤ ከመዝገብ ቤት ነው። በጥር 2012 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን 35 አትሌቶችን አገደ። ጥፋታቸው ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ልምምድ አለመግባት ነው። ከታገዱት አንዱ በዚያን ጊዜ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በእጁ የነበረው ቀነኒሳ በቀለ ነበር። በዓለም ላይ ማንም ከሱ ፈጥኖ ያልጨረሰውን ርቀት የሮጠ ሰው በመቅረት ተቀጣ። እገዳው ብዙም ሳይቆይ ተነሣ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩ ርችት ይወዳል። በጥቅምት 2011 የአጥቂው ማሪዮ ባሎቴሊ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ርችት ተተኩሶ እሳት ተነሣ፤ በማግሥቱ ማንቸስተር ሲቲ ዩናይትድን 6 ለ 1 ሲረታ ሁለት ጎል አገባ፤ በዚያው ሳምንት የከተማው የርችት ጥንቃቄ አምባሳደር ተደረገ። ለሐፖኤል ኢየሩሳሌም ቅርጫት ኳስ የተጫወተው አማሬ ስቶደማየርም ኒው ዮርክ ሳለ በ2014 ገንዳ ሙሉ ቀይ ወይን ውስጥ ተዘፍዝፎ ፎቶ ተነሥቷል። ይህ ፎቶ ለአንዲት የመቫሰረት እናት ሲታያት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ፣ ያ ወይን ስንት ሰንበት እንደሚያደርስ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

ከዕድሜያቸው በቀር ማራቶን ሯጮች ለዚህ ጥናት አይጠቅሙም። ጠዋት 30 ኪሎ ሜትር የሚጠብቀው ሰው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተኝቷል፤ ከማን ጋር ይጣላ? በነሐሴ 2022 ሙኒክ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና እስራኤላውያኑ ማሩ ተፈሪ በ2:10:23 ሁለተኛ፣ ጋሻው አያሌ በ2:10:29 ሦስተኛ ወጡ፤ እስራኤልም በቡድን ወርቅ ወሰደች። ማሩ ከጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር የዘገየው ሁለት ሰከንድ ነው። በዓመቱ ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮናውን ብር ጨመረበት። እነዚህ ሁሉ ዜናዎች በቡናው ላይ እልልታ አግኝተዋል፤ ግን ከበረካ አላለፉም። ልምምድ ላይ ሃያ ደቂቃ ያረፈደው አጥቂ ግን ሁለት ሳምንት ተወራለት። መዘግየት ዜና የሚሆነው አጭር ሲሆን እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንምጣ።

ጋዜጣ የሚጠይቀው «ምን አደረገ?» ብሎ ነው። መቫሰረት የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ቤተ እስራኤል ከጥንት ጀምሮ የተጣራ መሣሪያ አላት፦ እስከ ሰባት ቤት ያለው የዘር ቆጠራ። መሣሪያው የተሠራው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ነገር ግን አንድ መሣሪያ ስለታም ከሆነ ለብዙ ሥራ ይውላል። ስለዚህ የተጫዋቹ ስም እንደተሰማ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጀምራሉ። አባቱ እንትና፤ የአባቱ አባት እንትና፣ ያ የደንቢያው፤ የሱ እናት የእንትና ልጅ፣ ያች በመንገድ ሱዳን ላይ የቀረችው። እዚህ ላይ ሁሉም ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ ቆጠራው ይቀጥላል።

ውጤቱ የዜናውን ዓይነት ይወስናል። ተጫዋቹ እስከ ሦስተኛ ቤት ከሆነ ዜናው ዜና አይባልም፤ ስም ማጥፋት ነው። ቦታው ላይ ምልክት አልነበረም፤ ቢኖርም ዝናብ ነበር፤ ፖሊሱም ፊቱን አይቶ ነው የጻፈበት። (ይህን የመጨረሻውን በሳቅ ማለፍ አይቻልም፤ ቤቱ ውስጥ በመንገድ ላይ መታወቂያ የተጠየቀ የልጅ ልጅ የሌለው ሰው አልነበረም።) ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ቤት ከሆነ ያሳፍራል፤ ሽማግሌዎች ተልከው አባቱን ያነጋግራሉ፣ አባቱም ልጁን ያነጋግራል፣ ልጁም ወኪሉን። ሰባተኛ ቤት ላይ ክርክር ይነሣል፤ በእናት ወገን ከተቆጠረ አንድ ነገር፣ በአባት ወገን ከተቆጠረ ሌላ ነገር ነውና። ከሰባተኛው ካለፈ ተጫዋቹ ባዳ ነው። ባዳ ደግሞ ያሻውን ቦታ ላይ ቢያቆም ለእኛ ምናችን ነው?

ጥናታችን እዚህ ላይ ሊዘጋ ነበር፤ ያልጠበቅነው ነገር አጋጠመ። ከተመለከትናቸው ቆጠራዎች በአንዱ፣ ሽማግሌው ረጅም ሰዓት ቆጥረው ጣታቸውን አጠፉና «ስምንተኛ ቤት ነው፤ ከእኛ አይነካም» ብለው ፈረዱ። ተቀማጩ እፎይ አለ። ልጁ ዱርዬ መሆኑን፣ እናቱ እንዳላሳደገችው፣ ገንዘብ አናቱ ላይ እንደወጣ በነጻነት መናገር ተጀመረ። ጥግ ላይ ተቀምጣ ፈንዲሻ ስታዞር የነበረች እናት ግን እጇ ቆመ። የሃያ አራት ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ያላገባች የልጅ ልጅ አለቻት።

«ስምንት ነው ያሉት አባባ?» አለች።

«ስምንት።»

«በሁለቱም ወገን?»

ሽማግሌው ድጋሚ ቆጠሩ። በሁለቱም ወገን ስምንት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ዘገባው አቅጣጫውን የቀየረበትን ፍጥነት የትኛውም የዜና ማሰራጫ አይደርስበትም። ልጅ እኮ ነው፤ ይበርዳል። የተጻፈውን ሁሉ ማመን አያስፈልግም፣ ጋዜጣ ምን የማይጽፈው አለ? እናቱም በደንብ ነው ያሳደገችው፣ ሰው በሰው ልጅ አይፍረድ። ዱርዬ ያለችው ሴትዮ ራሷ፣ ቁመናውን ቴሌቪዥን ላይ አይታ እንደነበር አስታወሰች። ዶኽ ደግሞ ማን የማይደርሰው አለ፤ ዶኽ የማይደርሰው መኪና የሌለው ሰው ነው።

እናትየዋ ፈንዲሻውን አስቀመጠችና ጋዜጣውን ከልጁ እጅ ወስዳ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች።

«መኪናው ምን ዓይነት ነው ይላል?»